ለመርከቦች ቦታ ሲያድሉ የኖሩት የወይዘሮ ሄርሚና ባዎቶንግ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሄርሚና ባዎቶንግ ከአባታቸው ከአቶ ዮናታን ባዎቶንግና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊዲያ ማዶንሳ በሳንጊሄ ደሴት በማናሊኩ መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ከአራት ዓመት በኋላ የተወለዱት ብቸኛ ወንድማቸው አቶ ኤሊዔዘር ባዎቶንግ የእኔ የጸሐፊዋ አባት ናቸው።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የጠየቁኝ የአክስቴ ልጆች ናቸው። «ሁለቱንም ቤት የምታውቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ከዚህ በታች ይታያል። በሕይወት ታሪክ ውስጥ የሰውን ንግግር እንዳለ ማስገባት የተለመደ እንዳልሆነ መጋቢያችን በትሕትና አስታውሰውኛል። ነገር ግን አክስቴን ያለ አነጋገራቸው ብጽፋቸው፣ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል የሚያውቃቸው ሰው አይኖርም።

አባታቸው አቶ ዮናታን ጀልባ ሠሪ ነበሩ። አክስቴ በልጅነታቸው ከሰሌን ምንጣፍ ይልቅ በእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ተኝተው እንዳደጉ ይናገሩ ነበር። እስከ ስድስተኛ ክፍል በመንደራችን በሚገኘው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም በከተማ በአንድ መጋቢ ቤት እያገለገሉ የመካከለኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጀመሩ። አስተማሪ የመሆን ሐሳብ ነበራቸው። ጂኦግራፊ ይወዱ፣ ስፌት ይጠሉ ነበር።

በ1966 ዓ.ም. ይህ ሐሳባቸው ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ በማናሊኩ ወደብ ቦታ የሚያድል ሰው አልነበረም። የኮንክሪት መድረኩ ወደ ባሕሩ የሚገባው ጥቂት ርቀት ብቻ ስለሆነ፣ የደረሰ ጀልባ ሁሉ ባዶ ባገኘው ቦታ ይገባል፤ ሁለት ከደረሱ ደግሞ ልበ ደንዳናው ይቀድማል። አያቴ ዮናታን አንድ ቀን ጠዋት የሠሩትን ጀልባ ጎን ለማየት በመድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ሁለት ካፒቴኖች ለአንድ ክፍት ቦታ ተሽቀዳደሙ። የአያቴ ቀኝ እግር በጀልባና በግንብ መካከል ተቀጠቀጠ። ሁለቱም ካፒቴኖች «ቦታው የእኔ ነበር» ሲሉ ኖረው፣ ይህንኑ እያሉ ሞቱ። አያቴ ከዚያ በኋላ ጀልባ አልሠሩም። አክስቴም ትምህርታቸውን ትተው ወደ መንደር ተመለሱ፤ እናታቸውን ገውዝ የተባለውን የቅመም ፍሬ በመልቀም እየረዱ፣ ጠዋት ጠዋት በወደቡ የተጠበሰ ሙዝ እየሸጡ ታናሽ ወንድማቸውን አስተማሩ።

በ1973 ዓ.ም. የመርከቦችን ገመድ ተቀብሎ በማሰር ሥራ በወደቡ ተቀጥረው ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ማርኩስ ሉማሱጌ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። አቶ ማርኩስ ለሁለት ዓመት ያህል በየቀኑ ሙዝ ይገዟቸው ነበር። ሙዝ እንደማይወዱ አክስቴ ያወቁት ከሠርጉ በኋላ ነው። ትዳራቸው በአራት ልጆች ተባረከ፤ ከእነዚህ መካከል አንዷ ሕፃን ማርታ በተወለደች በስድስተኛ ወሯ በወባ አረፈች። አክስቴ በየዓመቱ በልደቷ ቀን መቃብሯን ራሳቸው ያጸዱ ነበር፤ በዚያ ቀን ማንም አብሯቸው እንዲሄድ አይፈቅዱም።

በ1981 ዓ.ም. አቶ ማርኩስ በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ደመወዝ እንዳይቋረጥ አክስቴ በባላቸው ፈንታ ወደ መድረኩ ወጡ። የመጨረሻ ልጃቸውን ያንሰንን እርጉዝ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ካፒቴን ኦባጃ የሚባሉ ስመ ጥር ሽማግሌ መርከባቸውን አስጠግተው ከላይ ሆነው ጮኹ።

«ሚና! ባልሽን ጥሪልኝ። እኔ ለሴት ገመድ አልወረውርም።»

«ባሌ ሆስፒታል ነው። ካልወረወሩ እዚያው ሲንሳፈፉ ይዋሉ፤ ምሳዎትን በጀልባ እልክልዎታለሁ።»

ሽማግሌው መርከቧን አዙረው ራቁ፤ ተመለሱ፤ ደግመው ራቁ። ተሳፋሪዎቹ መሳቅ ሲጀምሩ ገመዱን ወረወሩ።

«ለዛሬ ብቻ ነው!»

«ነገም ይመጣሉ፤ ነገም እኔው ነኝ።»

እንዳሉትም ሆነ። አቶ ማርኩስ ከሕመማቸው ቢያገግሙም ከባድ ሥራ እንዳይሠሩ ሐኪም ስለ ከለከላቸው፣ በ1983 ዓ.ም. የወቅቱ የወደብ ሹም አክስቴን በቋሚነት ቀጠሯቸው። ሥራቸውም የገቡትን መርከቦች በየቦታቸው ማደላደልና የማቆሚያ ክፍያ መሰብሰብ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት በዚሁ ሥራ ቆዩ።

ወሽመጣችን ለምዕራብ ነፋስ የተጋለጠ ነው። በመድረኩ ላይ ከማዕበል የሚከልል አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ ይኸውም የድንጋዩ ግንብ ከመድረኩ ጋር የሚገናኝበት እኛ «ጥጉ» የምንለው ነው። አንድ መርከብ ብቻ ይይዛል። የቀረው ሁሉ በጸጥታ ጊዜ እንጂ በማዕበል ጊዜ የሚታሰርበት አይደለም፤ መርከብን ከግንብ ጋር ያላትማል። ስለዚህ የወደቡ ጠብ ሁሉ የጥጉ ጠብ ነበር። አክስቴ ከመጡ በኋላ ጥጉን በወር ለሚከፍል አንድ መርከብ መስጠትና ሌሎቹን እንደ አመጣጣቸው ማስተናገድ ደንብ ሆነ። በሽተኛ የጫነ ይቀድማል፤ አሳ የጫነ ኮፕራ፣ ማለትም የደረቀ ኮኮናት፣ ከጫነ ይቀድማል፤ ኮፕራ አይሸትምና።

ክፍያው በመርከቡ ርዝመት ስለነበር የካፒቴኖች መርከብ በአክስቴ ፊት ሁልጊዜ ያጥር ነበር። በአንድ ዝናባማ ቀን ከሲያው ደሴት የመጣ አንድ ካፒቴን መርከቡ ባለፈው ወር ከከፈለበት ሁለት ሜትር እንደሚያንስ ማለ፤ «ታንታ» ሲል አክስት ማለቱ ነው።

«ታንታ ሚና፣ እንጨት አይደለ? ዝናብ ሲመታው ይኮማተራል።»

«እሺ ልጄ፣ ፀሐይ እስክትወጣና እስኪዘረጋ እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የምትጠብቅበትን ቀን ክፍያም አብረን እናሰላለን።»

ካፒቴኑ የሙሉውን ርዝመት ከፈለ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያ መርከብ በመንደራችን «የዝናቡ» ይባላል፤ ባለቤቱም እዚህ በመካከላችን ተቀምጠዋል።

በሌላ በኩል ነፋስ አሳድዶት የገባን መርከብ አላስከፍልም ብለው ከሹሙ ጋር ተከራክረዋል። ሹሙ ደንቡ እንደማይፈቅድ ሲነግሯቸው፣ «ጌታዬ፣ ደንቡን የጻፉት ሰዎች በባሕር ላይ አስታውኳቸው ያውቃል?» ብለው ጠየቁ። ሹሙ በባሕር በተጓዙ ቁጥር የሚታመሙ ሰው ስለነበሩ ሳቁ፤ ነፋሱ እስኪበርድ ድረስ ክፍያ እንዳይኖርም ፈቀዱ።

አክስቴ ጉድለት የሌለባቸው ሰው አልነበሩም፤ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ከሁሉ በፊት የሚቆጡኝ እሳቸው ናቸው። ቁጣቸው ቅርብ ነበር። የዘገየን ሰው አይምሩም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቀመጠ ሰው አስነሥተው ሌላ ወንበር ላይ ሲያስቀምጡ አይተናል። ልጃቸው ዴልቪ እንድጽፈው የነገረችኝን እዚህ አኖራለሁ፦ «እናቴ በመድረኩ ላይ ለሰው ሁሉ ቦታ ነበራት፤ እኛ ቤት ውስጥ ወረፋ እንጠብቅ ነበር።» ዴልቪ ይህን ስትለኝ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

አባቴ አቶ ኤሊዔዘር በአሳ አስጋሪ መርከቦች ላይ ለዓመታት ሲሠሩ ቆይተው፣ የድርሻቸውን የገውዝ ዛፎች ሸጠውና ተበድረው በ1993 ዓ.ም. የራሳቸውን የጭነት መርከብ አሠሩ። ስሟን «ካሲ ኢቡ» አሏት፤ የእናት ፍቅር ማለት ነው። የአያቴ የሊዲያ መታሰቢያ ነበረች። መርከቧ ወደ ባሕር በወረደችበት ቀን አክስቴ በመድረኩ ላይ ቆመው የመጀመሪያ ገመዷን እንደ ተቀበሉና ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ሰው «ርዝመቷ ስንት ነው?» ብለው እንደ ጠየቁ አባቴ እስከ ዛሬ ይተርካሉ። አባቴም የጥጉን የወር ክፍያ ከፍለው ቦታውን ያዙ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 ቀን ከሰዓት በኋላ የምዕራቡ ነፋስ በድንገት ተነሣ። የወደቡ ሹም ለገና ወደ ማናዶ ሄደው ስለነበር በመድረኩ ላይ ውሳኔ የሚሰጡት አክስቴ ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ጀልባዎች አየሩን አይተው ቀድመው ወጥተው ከኮረብታው ጀርባ ባለው ትንሽ ወሽመጥ ተጠልለዋል። ካሲ ኢቡ ኮፕራ እንደ ጫነች በጥጉ ታስራ ነበር። በዚህ መካከል ከታላውድ ደሴቶች ለበዓል ወደ ዘመዶቻቸው የሚጓዙ ሰዎችን ያሳፈረ አንድ የእንጨት መርከብ በወሽመጡ አፍ ላይ ታየ። ሞተሩ ውኃ ገብቶበት ጠፍቷል፤ ነፋሱ ወደ እኛ እየገፋው ነበር። የመንደራችን ወንዶች በትንሽ ጀልባ ወጥተው ገመድ አደረሱለት። ወደ ጥጉ ካልተሳበ በቀር ከግንቡ ጋር እንደሚላተም ሁሉም ያዩት ነገር ነበር።

እናቴ በወደቡ ዕቃ ቤት ጣሪያ ሥር ቆመው ስለነበር ቀጥሎ የተባለውን ሰምተዋል፤ እኔም የምጽፈው እሳቸው እንደ ነገሩኝ ነው።

«ኤሊ፣ ጥጉን ልቀቅ» አሉ አክስቴ።

«ምን አልሽ?»

«ልቀቅ አልኩህ። የእነሱ ሞተር ሞቷል፤ ያንተ ይሠራል። ኮረብታውን ዞረህ ከሌሎቹ ጋር ተጠለል።»

«እትዬ፣ ማዕበሉን አታዪውም? ደግሞ የወሩን የከፈልኩበት ቦታ ነው!»

«አውቃለሁ፤ ደረሰኙን የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። አሁን ግን ውጣ።»

«ይህቺ ብትሰበር እኔ ሌላ ምን አለኝ?»

«ኤሊ፣ ልጆች አሉበት። ቶሎ በል።»

 አባቴ ገመዱን ከብረቱ ምሰሶ ላይ በእጃቸው ፈቱ፤ ከሁለት መርከበኞቻቸው ጋር ወጡ።

ካሲ ኢቡ ኮረብታው ጋ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ማዕበል በጎኗ መትቶ ከድንጋዩ ላይ ጣላት። ለሁለት ተሰበረች። ሦስቱም ሰዎች ባሕር ውስጥ ገቡ። የድንጋዩ ስፍራ ከመድረኩ በግልጽ ይታያል፤ ሰው ሁሉ «ኤሊ ተመታ! ኤሊ ተመታ!» እያለ ይጮህ ነበር። አክስቴ በዚያ ጊዜ ከሌሎች ጋር የታላውዱን መርከብ ገመድ ይዘው እየሳቡ ነበር። ጀርባቸው ወደ ባሕሩ ነበር። አልዞሩም። መርከቡ ወደ ጥጉ ገባ፤ ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ከአንዲት አሮጊት ጫማ በቀር የጠፋ ነገር አልነበረም። የመጨረሻው ሰው ከወረደ በኋላ አክስቴ ገመዱን አስረው በአሸዋው ላይ እየሮጡ ሄዱ። አባቴና መርከበኞቻቸው ዋኝተው ወጥተው ነበር፤ ከመርከበኞቹ የአንደኛው ክንድ ተሰብሮ ነበር። አባቴ እህታቸውን ባዩ ጊዜ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ቀድመው የደረሱትን የእናቴን እጅ ይዘው፣ አልፈዋቸው ሄዱ።

ከበዓሉ በኋላ ጉዳዩ በወደቡ ጽሕፈት ቤት ታየ። በደንቡ መሠረት የወር ክፍያ የከፈለን መርከብ ያለ ሹሙ ፈቃድ ከቦታው ማንሣት አይቻልም ነበር። ሹሙ አባቴን ጠርተው በአክስቴ ፊት ጠየቋቸው።

«የወጣኸው እህትህ አስገድዳህ ነው?»

«ማንም አላስገደደኝም። ገመዱን የፈታሁት እኔ ነኝ።»

«ኤሊዔዘር፣ አስበህ ተናገር። ካስገደደችህ ካሳ የምታገኝበት መንገድ አለ። በፈቃድህ ከወጣህ ግን ምንም የለህም።»

«እንግዲያው ምንም የለኝም።»

አባቴ ይህን ብለው ወጡ። እህታቸውን ግን አላዩም። አክስቴ ግን ቦታውን ያለ ፈቃድ ለሌላ መርከብ ሰጥተው ደንብ በመተላለፋቸው ለአራት ወር ከሥራ ታገዱ። በእነዚያ ወራት አንድ ወጣት ሠራተኛ ተተክቶ ሠራ፤ ወደቡም ምንም አልጎደለበትም። አክስቴ ይህን ሲያነሡ በራሳቸው ይስቁ ነበር። «እኔ ከሌለሁ ባሕሩ የሚደርቅ መስሎኝ ነበር» ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወንድምና እህት አልተነጋገሩም። አባቴ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከቤተሰባችን ወንበር ተነሥተው በግራ በኩል መቀመጥ ጀመሩ። ጥቂት ቆይተውም ዕዳቸውን ለመክፈል ወደ ቢቱንግ ከተማ ሄደው በሰው መርከብ ላይ ተቀጠሩ። እናቴና አክስቴ ግን አልተለያዩም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳዬን በአክስቴ ቤት፣ እራቴን በቤታችን እበላ ነበር፤ አባቴ ለበዓል ሲመጡም ይህን ያውቁ ነበር፤ አልከለከሉኝም። የአክስቴ ልጆች «ሁለቱንም ቤት የምታውቂው» ያሉኝ ለዚህ ነው። በአንደኛው ቤት የሌላው ስም አይጠራም ነበር፤ ነገር ግን አክስቴ አሳ ሲያጎርሱኝ ሁልጊዜ «አባትሽ ይጽፋል?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። አባቴ ደግሞ ሲመጡ ስለ ወደቡ እንደ ዋዛ ያነሡና፣ «ያ መድረክ ዛሬም ያንሸራትታል? የሚቆምበት ሰው ይጠንቀቅ» ይሉ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። አባቴ የሰጧቸው መልስ ይህ ነበር፦ «መርከቧን ትቼዋለሁ፤ እንጨት ናት። ከውኃው ውስጥ ሆኜ ስሟን ጠርቼ ስጮህ ግን ዞር ብላ አላየችኝም።» ሽማግሌዎቹ ይህን ለአክስቴ ነገሩ። አክስቴ በማግሥቱ እንደ ወትሯቸው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

አቶ ማርኩስ ሉማሱጌ በ2004 ዓ.ም. አረፉ። አባቴ ከቢቱንግ መጥተው ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ሆኑ። ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ቀን ጠዋት አክስቴ ለለቀስተኛው የሚሆን አሳ ለማጽዳት በጓሮ ተቀምጠው ሳለ፣ አባቴ ገብተው ከጎናቸው በርጩማ ሳቡ። እኔ ሩዝ እየለቀምኩ ነበር፤ እንድወጣ የነገረኝ ሰው ስለሌለ ቆየሁ።

«የመጣሁት ለማርኩስ ነው» አሉ አባቴ።

«አውቃለሁ። ቢላው እዚያ ነው።»

አንዱን ቅርጫት እስኪጨርሱ ድረስ አሳ አጸዱ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ጠርቼሽ ነበር።»

«ሰምቼሃለሁ።»

«ሰምተሽ ነው?»

«ድምፅህን አላውቀውም? ሰምቼሃለሁ። ዞሬ ካየሁህ ገመዱን እለቃለሁ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም እለቀው ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ።»

አባቴ ቢላውን አስቀመጡ።

«ይህን ለመናገር ይህን ሁሉ ዓመት?»

«ያኔ ብነግርህ ይቅር ትለኝ ነበር?»

«አልልሽም ነበር።»

«ታዲያ!»

አባቴ ሳቁ። በእህታቸው ቤት ውስጥ የአባቴን ሳቅ የሰማሁት በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ማለት እችላለሁ። አክስቴ አልሳቁም፤ በክንዳቸው ፊታቸውን ጠረጉና «አሳውን ሳይበላሽ ጨው አድርግበት» አሉ።

አክስቴ በ2010 ዓ.ም. በጡረታ ከሥራቸው ተሰናበቱ። ጡረታ በወጡ ማግሥት በበረንዳቸው ላይ ወንበር አስቀመጡ፤ ወንበሩ ግን ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞረ ነበር። ለምን ብለን ስንጠይቃቸው፣ «ባሕሩን ጠግቤዋለሁ። አሁን ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ልይ» አሉን። በቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር መዝሙር ውስጥ የወፍራሙን ድምፅ ይዘምሩ ነበር፤ ሁልጊዜም ከሌሎቹ ቀድመው ይጨርሱ ነበር። አሳማ ያረቡ፣ ገውዝ ይለቅሙ፣ የጎረቤት ሠርግ ላይ እንግዳ ያስቀምጡ ነበር፤ በዚህም እሳቸው ካስቀመጡት ቦታ የተንቀሳቀሰ እንግዳ አልነበረም።

አባቴም እናቴ በ2012 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከቢቱንግ ተጠቃልለው መጥተው በአክስቴ አጠገብ ቤት ሠሩ። በየጠዋቱ ወደ እህታቸው ቤት ሄደው ከዘንባባ ዱቄት የሚጋገረውን ሳጎ በትኩስ ሻይ ይበሉ ነበር። ስለ ዶሮዎች፣ ስለ አጥር፣ ስለ ፖለቲካ ይጨቃጨቁ ነበር። ስለዚያ ቀን ግን ከዚያ ከጓሮው ጠዋት በኋላ ሲነጋገሩ አልሰማንም።

አክስቴ ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ በስኳር ሕመም ይሠቃዩ ነበር። በ2022 ዓ.ም. ሕመሙ ኩላሊታቸውን ጎዳ፤ በሆስፒታል ብዙ ሕክምና ተደረገላቸው። በዚህ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ራሳቸው ጠየቁ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ብዙ አልተናገሩም። የልጅ ልጃቸው ግሬስያ አጠገባቸው ሆና ስትዘምር በጣታቸው የአልጋውን ጠርዝ እየመቱ ምቱን ያስተካክሉላት ነበር። ማክሰኞ ማርች 14 ቀን 2023 ዓ.ም. ማለዳ፣ ልጆቻቸው በዙሪያቸው ሳሉ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ወይዘሮ ሄርሚና ባዎቶንግ የሄንኪ፣ የዴልቪና የያንሰን ሉማሱጌ እናት፣ የስምንት ልጆች አያት፣ የአንዲት ሕፃን ቅድመ አያት ነበሩ። ወንድማቸውን አቶ ኤሊዔዘር ባዎቶንግን፣ እኔን የወንድማቸውን ልጅ ኔልማን፣ የወደቡን የቀድሞና የዛሬ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከሲያው፣ ከታጉላንዳንግና ከታላውድ የመጣችሁትን ካፒቴኖች ሁሉ በኀዘን ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ በሕመማቸው ጊዜ ያስታመሟቸውን ነርሶችና ሌሊቱን ሙሉ ሣጥኑን ሲሠሩ ያደሩትን ጎረቤቶች ከልብ ያመሰግናል።

ትናንት ይህን ጽሑፍ ለአባቴ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡና አንድ ነገር እንድጨምር አዘዙኝ። ያሉትን ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ።

«ጻፊ። በዚያ ቀን እህቴ ትክክል ነበረች አልልም። ተሳስታለችም አልልም። ብዙ አሰብኩበት፤ አልደረስኩበትም። ከትናንት ወዲያ ጠዋት ግን እንደ ልማዴ ተነሥቼ ወደ ቤቷ ስሄድ ሰው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ወዴት እንደምሄድ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።»

ደክመው የመጡትን ሁሉ የማይመልስ አምላክ የአክስታችንን ነፍስ በደስታ ይቀበል፤ በሕፃንነት ከተለየቻቸው ከማርታና ከባላቸው ከማርኩስ ጋር ያገናኛቸው። ለአባቴም ለሁላችንም ጠዋቶቻችንን የምንሻገርበት ብርታት ይስጠን። አሜን።